ግራዋ፣ ጦስኝና መድኃኒት የለመዱ ባክቴሪያዎች

ሰሞኑን ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ባክቴሪያዎች አንቲባዮቲክን እየለመዱ ሲሄዱ የአገራችን ዕፅዋት ክፍተቱን ይሞላሉ ወይ? እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ እንደሞቱ ይገመታልና ጥያቄው የቅንጦት አይደለም። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናቸዋል።

ከማራኪ፣ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ

«የግራዋና የጦስኝ ቅጠል በ80 በመቶ ሜታኖል ዘፍዝፌ በስታፍ ኦሪየስ፣ በኢ. ኮላይና በሱዶሞናስ ባክቴሪያዎች ላይ ሞከርኩ። ውጤቱ በየጊዜው ይለያያል፤ ባክቴሪያው ሳያድግ የቀረበት ቀለበት አንድ ቀን 18 ሚሊ ሜትር፣ ሌላ ቀን 11 ይሆናል። ሱዶሞናስ ደግሞ ጨርሶ አይነካም። የተበላሸው የቱ ጋ ነው?»

አንድ ቦታ ብቻ አይመስለንም። ከጦስኙ እንጀምር። የጦስኝ ጉልበት ያለው ቲሞልና ካርቫክሮል በሚባሉት ተናኝ ዘይቶቹ ላይ ነው። ሜታኖሉን በሮታሪ ኢቫፖሬተር ሲያተኑት ዘይቱም ከፊሉ አብሮ ይሄዳል። ምን ያህሉ እንደሚሄድ የሚወስኑት የቫኪዩሙ ጥንካሬና የማትነኛው ሰዓት ስለሆኑ በሁለት የተለያዩ ቀናት አንድ ዓይነት ኤክስትራክት (ከቅጠሉ ተነጥሎ የወጣ ነገር) አያገኙም። ጦስኝን በሜታኖል መዘፍዘፉን ይተዉትና በክሌቨንጀር መሣሪያ ለ3 ሰዓት ያህል ከውሃ ጋር አፍልተው ዘይቱን ለብቻው ያውጡ፤ ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ በ4 ዲግሪ ያስቀምጡት። ዘይት አጋር (ባክቴሪያ የሚያድግበት የረጋ ምግብ) ውስጥ በደንብ አይሰራጭምና በቀለበት ስፋት አይለኩት። ዘይትን ከውሃ የሚያዋህደው ትዊን 80 በ0.5 በመቶ በተጨመረበት ፈሳሽ ብሮዝ ውስጥ ይለኩት፣ ፕሌቱንም በማሸጊያ ይሸፍኑት። ካልተሸፈነ ተኑ ወደ ጎረቤት ጉድጓዶች ይሻገርና ምንም ያልተጨመረበት ኮንትሮልዎ ሳይቀር ሳያድግ ያድራል።

ግራዋው ግን ለሜታኖል ይስማማል። ቅጠሉን ራስዎ ይቁረጡት፤ ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ ደረቅ ቅጠል መቼ እንደተቆረጠና ምን እንደተቀላቀለበት ስለማይታወቅ ለጥናት አይሆንም። አበባ ያለበት ቅርንጫፍ ተጭኖ ደርቆ፣ የተለቀመበት ቦታና ቀን ተጽፎበት ለሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ይሰጥ። ቅጠሉን አጥበው ፀሐይ በማያገኘው፣ አየር በሚገባበት ክፍል ውስጥ በእጅ ሲታሽ እስኪፈረፈር ድረስ ያድርቁት። ከዱቄቱ 100 ግራም በ1 ሊትር 80 በመቶ ሜታኖል ውስጥ፣ ማለትም 800 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ከ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር፣ እየተነቀነቀ 72 ሰዓት ይቆይ። በጋዝ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በዋትማን ቁጥር 1 ወረቀት ያጥሉት። አተላውን አይድፉት፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ በአዲስ ሜታኖል ይዘፍዘፍ። ሦስቱንም ደባልቀው ከ40 ዲግሪ ሳያልፉ ያትኑ። የሚቀረውን ውሃ በፍሪዝ ድራየር፣ ከሌለ በ40 ዲግሪ ኦቨን፣ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ያድርቁ። ክብደቱ ሳይረጋ ከመዘኑት በሚሊ ግራም የሚጽፉት ቁጥር ግማሹ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ከ18 ወደ 11 ለሚያወርድ ልዩነት ይኸው ብቻውን ይበቃል።

በባክቴሪያው በኩል ደግሞ ቀለበቱን የሚያሰፉትና የሚያጠቡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የአጋሩ ውፍረትና የባክቴሪያው ብዛት። ሚውለር ሂንተን አጋር 4 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ይህም 90 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ፔትሪ ዲሽ ውስጥ 25 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በዓይን ግምት የተቀዳ አጋር አንዱ ስስ፣ አንዱ ወፍራም ይሆናል፤ በስሱ ላይ ቀለበቱ ይሰፋል። ባክቴሪያው ካደረ ንጹሕ ካልቸር ከ3 እስከ 5 ኮሎኒ ተወስዶ በ0.85 በመቶ ጨው ውሃ ወደ 0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) ይስተካከል፤ ይህ በአንድ ሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከተስተካከለ በኋላ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይቀባ፤ ሻይ ተጠጥቶ እስኪመጣ ከቆየ ቁጥሩ ሌላ ነው። ሳህኑ በየ60 ዲግሪው እየዞረ ሦስት ጊዜ ይጠረግ። ጉድጓዱ 6 ሚሊ ሜትር፣ የሚገባበት መጠን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። ኤክስትራክቱ እንዲሰርግ ከኢንኩቤተር በፊት አንድ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ይቆይ። በየሳህኑ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ 5 ማይክሮግራም ዲስክና ማሟሚያው ብቻ የገባበት ጉድጓድ ይኑር። ለመመዘኛ በሚያገለግለው ኢ. ኮላይ ኤ.ቲ.ሲ.ሲ. 25922 ላይ የሲፕሮፍሎክሳሲን ቀለበት ከተፈቀደው ወሰን ከወጣ የዚያን ዕለቱ ሥራ በሙሉ ይጣላል፤ የግራዋውን ውጤት ነጥሎ ማትረፍ አይቻልም።

አንድ የጎንደር ጉዳይ እንጨምር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኦቶክሌቩ (በእንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) የግፊት ጌጅ 15 ፒ.ኤስ.አይ. ሲያሳይ 121 ዲግሪ ደርሷል የሚባለው በባሕር ጠለል ላይ ነው። እዚህ በ15 ፒ.ኤስ.አይ. የሚያገኙት 117 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 121 ለማግኘት ጌጁ ወደ 18 ተኩል መድረስ አለበት። ማሽኑ ይህን ግፊት መቻሉን መመሪያው ላይ ያረጋግጡ፤ ካልቻለ ሰዓቱን ያርዝሙ። ቀለም የሚቀይረው ቴፕ ዕቃው ሙቀት እንዳገኘ እንጂ መምከኑን አይናገርም። ሳይከተብበት ያደረ ሳህን ላይ ኮሎኒ እያዩ በቅጠሉ ላይ የሚያሳብቡ ከሆነ መጀመሪያ ይህን ይመልከቱ።

ሱዶሞናስ አለመነካቱ ግን ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ሥራዎን የሚያስታምን ውጤት ነው። እንደ ሱዶሞናስ ያለ፣ ግራም ኔጋቲቭ የሚባል ባክቴሪያ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን አለው፤ ሱዶሞናስ በዚያ ላይ የገባበትን መልሶ የሚተፋ ፓምፕ አለው። ሱዶሞናስን በቀላሉ ገደለ የሚባል ኤክስትራክት ሲያጋጥመን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ያልተነነ ሜታኖል ወይም አሲድነት ነው። ፒኤቹን ይለኩ። ታኒን የበዛባቸው ቅጠሎችም ፕሮቲን ስለሚያረጉ ያገኙትን ሁሉ የሚገድሉ ይመስላሉ፤ ይህ ጉልበት በሰው አካል ውስጥ የትም አያደርስም።

በመጨረሻም ከቀለበት ስፋት ይውጡ። ቀለበት የሚለካው መግደልን ብቻ ሳይሆን መሰራጨትንም ነው፤ ትልቅ ሞለኪውል ብርቱ ሆኖ ጠባብ ቀለበት ሊሰጥ ይችላል። ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ እጥፍ በእጥፍ እያቀጠኑ፣ በሚሊ ሊትር 500 ሺህ ባክቴሪያ እየጨመሩ ኤም.አይ.ሲ.፣ ማለትም ዕድገትን የሚገታውን ትንሹን መጠን፣ ያውጡ። የኤክስትራክቱ አረንጓዴ ቀለም ድፍርስነቱን ስለሚሸፍነው ሪዛዙሪን የተባለ ቀለም ይጨምሩ፤ ሰማያዊ ከቀረ ዕድገት የለም፣ ወደ ሮዝ ከዞረ አለ። ላልተጣራ ኤክስትራክት በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮግራም ወይም ከዚያ በታች ከመጣ በርቱበት እንላለን። ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ «ይገድላል» ብለው ባይጽፉ ይመረጣል። ለምን ቢሉ፣ ኤም.አይ.ሲ. 5 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ወጣ እንበል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 42 ሊትር ገደማ የሰውነት ፈሳሽ አለው። ያንን መጠን በሰውነቱ ሁሉ ለማዳረስ 210 ግራም ኤክስትራክት ያስፈልጋል፤ ከ100 ግራም ቅጠል 10 ግራም ከተገኘ ደግሞ ከ2 ኪሎ በላይ ደረቅ ግራዋ በአንድ ጊዜ መዋጥ አለበት። የኢ. ኮላይ 25922 የሲፕሮፍሎክሳሲን ኤም.አይ.ሲ. ግን ከ0.004 እስከ 0.016 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ነው።

ከፒያሳ፣ ፋርማሲስት

«ዕፅዋት ብቻቸውን ደካማ ከሆኑ ከአንቲባዮቲክ ጋር ተጣምረው የደከመውን መድኃኒት መልሰው ያነቃቃሉ የሚባለውስ?»

ተስፋ አለ ብለን የምናምነው እዚህ ላይ ነው። ሐሳቡ ለእርስዎ አዲስ አይደለም፤ አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር የሚሸጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ክላቩላኒክ አሲድ ራሱ ባክቴሪያ በመግደል ደካማ ነው፤ ሥራው አሞክሲሲሊንን የሚሰብረውን ኢንዛይም መያዝ ነው። እሱ የተገኘው ስትሬፕቶማይሲስ ከሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ዕፅዋትም ግን ተመሳሳይ ዘዴ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ሥራ እንዳሳየው በርበሪስ የሚባሉት ቁጥቋጦዎች በርበሪን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ ያመርታሉ፤ ስታፍ ኦሪየስ ግን ኖር-ኤ በሚባል ፓምፕ በርበሪኑን ወዲያው ይተፋዋል። ያው ተክል 5-ፕራይም ሜቶክሲሃይድኖካርፒን የሚባል ሌላ ነገር ያመርታል። ይህ ብቻውን ምንም አይገድልም፤ ፓምፑን ግን ይዘጋል። ሁለቱን ለያይቶ ኤም.አይ.ሲ. ብቻ የሚፈልግ ተመራማሪ ሁለተኛውን «አይሠራም» ብሎ ይጥለው ነበር።

መለኪያው ቼከርቦርድ ነው፤ ሁለቱ በተለያየ መጠን እየተጣመሩ በአንድ ፕሌት ላይ የሚሞከሩበት ዘዴ። ለምሳሌ ሲፕሮፍሎክሳሲን ለብቻው በ8 ማይክሮግራም፣ ከኤክስትራክቱ ጋር ግን በ1 ከገታ፣ 1 ሲካፈል ለ8፣ 0.125 ነው። ኤክስትራክቱ ለብቻው በ2 ሚሊ ግራም፣ በጥምር በ0.25 ከገታ እሱም 0.125 ነው። ድምሩ 0.25፤ 0.5 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ተጋግዘዋል ይባላል፣ ከ4 በላይ ከሆነ ተቃርነዋል። በመካከል ያለውን «ተጋግዘዋል» ብለው የሚያትሙ አሉ፤ አይቀበሏቸው።

ደንበኛ መጥቶ «ሲፕሮውን ከጤና አዳም ጋር ልውሰደው?» ቢልዎ ግን መልሱ አይ ነው። በፕሌት ላይ የተጋገዙ ሁለት ነገሮች በአንጀትና በጉበት በኩል አልፈው ደም ውስጥ በዚያው መጠንና በዚያው ሰዓት ይገናኛሉ ማለት አይደለም። ሲፕሮፍሎክሳሲንን ከወተት ጋር እንኳ መውሰድ መምጠጡን ይቀንሰዋል፤ በውሃ ይዋጥ። ጤና አዳም ደግሞ ለነፍሰ ጡር ጨርሶ አይሰጥም፤ ጽንስ ያስወርዳል።

ከደባርቅ

«ባክቴሪያ ፋብሪካ የሠራውን እንጂ የተፈጥሮ መድኃኒትን አይለምድም ይባላል። እውነት ነው?»

አይደለም። ፔኒሲሊንም የተፈጥሮ ነው፤ ከሻጋታ የተገኘ። የባክቴሪያ ማስወጫ ፓምፖችም ፋብሪካ ከመኖሩ በፊት የነበሩ ናቸው። ከዚህ የሚብስም አለ፤ አንዳንድ የዕፅዋት ንጥረ ነገሮች በአነስተኛ መጠን ባክቴሪያውን ለሌላ መድኃኒት ያዘጋጁታል። በደንብ የተጠናው ሳሊሲሌት ነው፤ አኻያ ውስጥ ያለው ሳሊሲን ሰውነት ውስጥ ወደዚህ ይለወጣል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሳሊሲሌት ኢ. ኮላይ ላይ ሲጨመር ማር-አር የሚባለውን ፕሮቲን ይይዘዋል። ይህ ፕሮቲን ለተወሰኑ ጂኖች ልጓማቸው ነበር፤ ልጓሙ ሲላላ ባክቴሪያው ፓምፑን ያበዛል፣ መግቢያ ቀዳዳዎቹን ያጠባል። ሳሊሲሌቱ ሳይገድለው ቴትራሳይክሊንን፣ ክሎራምፌኒኮልንና ሲፕሮፍሎክሳሲንን የሚቋቋም ይሆናል።

ስለዚህ ቁም ነገሩ መጠኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለወባ የአርቴሚሲያ ሻይን የማይመክረው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው፤ በሲኒ ውስጥ ያለው፣ ወባን የሚገድለው አርቴሚሲኒን ወጥ አይደለም፣ ጥገኛውንም ለመጨረስ አይበቃም። ደምቢያና መተማ ወባ ለሚያውቁ ሰዎች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ከአራዳ፣ የሁለት ልጆች እናት

«የ7 ዓመት ልጄ ጉሮሮው በተደጋጋሚ ያመዋል። አሞክሲሲሊን እንዳይለምድበት ብዬ ነጭ ሽንኩርት በማር እሰጠዋለሁ። ደግ አደረግሁ?»

ስጋትዎ ትክክል ነው፣ የመረጡት ቦታ ግን አይደለም። ጉሮሮ ከታመመው ልጅ ጋር ንፍጥ፣ ሳልና የድምፅ መጎርነን ካለ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው፤ አሞክሲሲሊንም አያስፈልገውም፣ ማርዎ ሳሉን ያለዝባል። ትኩሳቱ በድንገት ከመጣ፣ ሲውጥ ካለቀሰ፣ የአንገቱ እጢዎች አብጠው ሲነኩ ካመሙት፣ ሳል ከሌለው ግን ስትሬፕቶኮከስ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች። ይህ ሳይታከም ሲቀር የሩማቲክ ትኩሳት ሊያመጣና የልብ ቫልቭ ሊያበላሽ ይችላል። ሕክምናው ሕመሙ ከጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ የልብ ጉዳቱን ይከላከላል። የሚታዘዘው ፔኒሲሊን ወይም አሞክሲሲሊን ለ10 ቀን፣ አለዚያም አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ነው።

የሚገርመው፣ የጉሮሮው ስትሬፕቶኮከስ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን ያልለመደ ባክቴሪያ ነው። ምትክ የሚፈለግለት መድኃኒት አለ ከተባለ ይህኛው የመጨረሻው ነው። በ4ኛው ቀን ስለተሻለው አያቋርጡበት፤ ለታናሹ ብለው ተራፊ አያስቀምጡ።

ስለ ነጭ ሽንኩርቱ፦ ባክቴሪያ የሚጎዳው አሊሲን የሚፈጠረው ሽንኩርቱ ሲደቆስ ነው፤ ሳይደቆስ ወጥ ውስጥ የገባ አሊሲን አይሰጥም፣ ቢደቆስም ወዲያው ካበሰሉት ሠሪው ኢንዛይም ይሞታል። 10 ደቂቃ ይቀመጥ የሚባለው ለዚህ ነው። ደም ውስጥ ግን አሊሲን ቶሎ ይጠፋል። ደቁሰው አንገቱ ላይ አይለጥፉለት፤ የልጅ ቆዳ ያቃጥላል። ማር ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። ልጁ ምራቁን መዋጥ አቅቶት ካንጠባጠበ ወይም መተንፈስ ከቸገረው ማንኛውንም ነገር ትተው ወደ ሆስፒታል ይሮጡ።

ከአዘዞ፣ ዶሮ አርቢ

«ዶሮዎቼ እንዳይታመሙ ኦክሲቴትራሳይክሊን በየሳምንቱ ውሃ ውስጥ እጨምራለሁ። በነጭ ሽንኩርት ወይም በጦስኝ ልተካው?»

መጀመሪያ ያቁሙት፤ ተተኪው በኋላ ይታሰባል። ላልታመመ ዶሮ በየሳምንቱ የሚሰጥ አነስተኛ መጠን ባክቴሪያን ከማስለመድ ያለፈ ፋይዳ የለውም። ዶሮ የሚጨርስብዎ ፈንግል ከሆነ ደግሞ ቫይረስ ስለሆነ ኦክሲውም ሽንኩርቱም አይነካውም፤ ቢሾፍቱ የሚመረተው ክትባት አለ፤ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ፕሮግራሙን ያውጣልዎ። የአውሮፓ ኅብረት ለማፋፊያ የሚሰጡ አንቲባዮቲኮችን ከጥር 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል፤ ከዚያ ወዲህ የጦስኝ ዓይነት ዘይቶች እዚያ በመኖ ማሟያነት ይሸጣሉ። እነሱ ግን የሚገቡት ክትባቱ፣ ደረቁ ጉዝጓዝና ንጹሑ የውሃ ዕቃ በተሟላበት ቤት ነው። የረጠበ ጉዝጓዝ ላይ ዘይት መጨመር ገንዘብ ማባከን ነው። ለታመመ መንጋ መድኃኒት ታዞ ከተሰጠ እሽጉ ላይ የተጻፈው የመታቀቢያ ቀን እስኪያልፍ ዕንቁላሉም ሥጋውም ለሰው አይቅረብ።

ከቆላድባ

«ለቆየ የእግር ቁስል ጣዝማ ማር ይሻላል ወይስ የንብ?»

ማር ቁስል ላይ የሚሠራው ውሃ ስለሚመጥጥ፣ አሲድ ስለሆነና ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባለው ኢንዛይሙ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ስለሚያወጣ ነው። ጣዝማ ከንብ ማር የበለጠ ውሃ አለውና መምጠጡ ይቀንሳል፣ ቶሎም ይቦካል። ሆኖም ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥዎ በፊት፦ በሆስፒታል የሚሠራበት የቁስል ማር በጋማ ጨረር የመከነ ነው። የገበያው የባክቴሪያ ስፖር ሊኖረው ይችላል፤ ልምከነው ብለው ቢያፈሉት ኢንዛይሙ ይሞታል፤ ስኳር የተደባለቀበት ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያውም የለውም። ሳይድን የቆየ የእግር ቁስል በብዙ ሰው ላይ የስኳር ሕመም ወይም የደም ዝውውር ምልክት ነው። የደም ስኳርዎን ይለኩ፤ ጠረኑ ከተለወጠ፣ ዙሪያው ከጠቆረ ወይም ትኩሳት ካለዎት ዛሬውኑ ይታዩ።

ከዳባት፣ የባህል ሐኪም

«ተመራማሪዎች መጥተው የምሠራበትን ሥር ጠየቁኝ። ብነግራቸው ምን ይቀርብኛል?»

የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ማግኘትን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ማኅበረሰቡ አስቀድሞ አውቆ እንዲፈቅድና ከሚገኘው ጥቅም እንዲካፈል መብት ይሰጣል። የፈቃድ ጉዳይ የሚመለከተው የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ነው። ፈቃዳቸውንና የስምምነቱን ጽሑፍ ያሳዩዎ፤ በአማርኛ ያልተጻፈ ነገር ላይ አይፈርሙ። ከነገሯቸው ግን ሙሉውን ይንገሩ፦ የትኛው ክፍል፣ በየትኛው ወር የተነቀለ፣ ከምን ጋር የተቀላቀለ፣ በእፍኝ ስንት፣ ለማን የማይሰጥ። ግማሹ ከተደበቀ ቤተ ሙከራው ሌላ መድኃኒት እየመረመረ ነው።

ከአዘዞ፣ ስም ያልጻፉ

«የልብ ቫልቭ ተቀይሮልኝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን እወስዳለሁ። ነጭ ሽንኩርት በጥሬው ለኢንፌክሽን ብበላስ?»

በወጥ ውስጥ በለመዱት መጠን ይብሉ። በጥሬው እየደቆሱ በየቀኑ መውሰድ ግን ደም መፍሰስን ያባብሳል። ጀምረው ከሆነ ለሐኪምዎ ይንገሩና አይ.ኤን.አር. (ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳይ ምርመራ) ይለኩ። ድድዎ ከደማ ወይም ሰገራዎ ከጠቆረ ቀጠሮ አይጠብቁ።